አንድ ሚሊዮን አንድ

የሒሳብ አስተማሪውን ተማሪዎቹ «ካልኩሌተር» ይሉታል። ሲጠሩት ሲሰማ የተቆጣ ይመስላል እንጂ አንጀቱ ቅቤ ይጠጣል።

ሰኞ ዕለት፣ ትምህርት ቤቱን ወክሎ ለውድድር የሚሄደውን አንድ ተማሪ ለመምረጥ ሰሌዳው ላይ 1,000,001 ብሎ ጻፈ። «ይህ ቁጥር ከአንድና ከራሱ በቀር ለሌላ ይካፈላል?» አለ። መልሱን ቤቱ ቁጭ ብሎ ሠርቶታል፤ አይካፈልም። ከሁለት እስከ ዘጠና ሰባት ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ሞክሮ አንዱም እሺ አላለውም።

የአናጢው ልጅ እጇን አወጣች። «ይካፈላል ቲቸር። ለአንድ መቶ አንድ።»

«አንቺ ደግሞ ከየት አመጣሽው? ዳርና ዳሩ ላይ አንድ ስላለ መሰለሽ?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልጅቷ «አካፍዬው ነው እኮ» ብላ ደብተሯን ብታነሳም ሊያይላት አልፈለገም። «ተቀመጪ!» አላትና «አይካፈልም» ያለውን ልጅ መረጠ።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ በአስተማሪዎች ክፍል ብቻውን ሲሆን ነገሩ ከነከነው። አካፈለ። 101 ሲባዛ በ9,901። ቀሪ የለም። ወይ ጉድ! ዘጠና ሰባት ላይ ለምን ቆመ? ቤቱ ግድግዳ ላይ በገዛ እጁ የለጠፈው የብቸኛ ቁጥሮች ሰንጠረዥ እዚያ ላይ ስለሚያልቅ ነዋ! እስከ ስኩዌር ሩቱ፣ ማለትም እስከ አንድ ሺህ ድረስ መሞከር እንደሚገባ እኮ ለዓመታት ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ጆሮው ድረስ ጋለ። ወረቀቱን ቀዳዶ ኪሱ ከተተው።

የተወዳዳሪው ስም የሚላከው ዓርብ ነው። ቤቷ ሄዶ ይቅርታ ቢጠይቃት፣ ስሙንም ቢቀይር፣ ክፍሉ ሳይሰማ ነገሩ እዚያው ያልቃል። እንዲህ እያለ ራሱን እየሸነገለ ሄደ።

አናጢው መጋዙን ጥሎ፣ እጁን በቱታው እየጠረገ ተቀበለው። «መምህር፣ እዚህ ድረስ መጡ? አፈርኩ! እኔው ልመጣ ነበር። ‹ቲቸር ተሳስተዋል› ብላ ድርቅ ስትልብኝ፣ ቁጭ አድርጌ አስጻፍኳት» ብሎ የታጠፈ ወረቀት ሰጠው።

«ቲቸር፣ ይቅርታ። አንድ ሚሊዮን አንድ ለሌላ ቁጥር አይካፈልም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ይላል፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፏ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ። «ልክ እሷ ናት። ለውድድሩም የምትሄደው እሷ ናት።»

አናጢው ክው አለ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች፤ አስተማሪው ዞር ብሎ ሊያያት አልደፈረም። እሷ ግን አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም።

«ነገ ክፍል ውስጥም ይናገሩታል?» አለች።

ቤት ድረስ የመጣው እኮ ይህን ሽሽት ነው።

«ሁሉም ነው የሳቁብኝ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

«ሁሉም ይሰማሉ» አላት ካልኩሌተር። ቀና ብሎ ግን አላያትም።