ያልተበላሸው ሰርቨር

ሰሊጥ መረከብ በጀመርን ሳምንት ሰርቨሩ ዝም አለ። ሰርቨር ማለት በእኛ ገበሬዎች ማኅበር ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ማቀዝቀዣ ተገጥሞላት በተቆለፈች ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ኮምፒውተር ነው፤ የሚዛኑም፣ የመጋዘኑም፣ የሒሳብ ክፍሉም ኮምፒውተሮች በገመድ ከእሱ ጋር ይያያዛሉ። እሱ ዝም ሲል ሁሉም ዝም ይላሉ። የመተማ ፀሐይ ግን ዝም አትልም። አይሱዙው፣ ትራክተሩ ከነተሳቢው እስከ አስፋልቱ ተሰልፎ፣ ሾፌሩ የሚዛን ሠራተኛውን ይሰድባል፤ የሚዛን ሠራተኛው እኔን ይሰድባል። እኔ የምሰድበው ሰው አልነበረኝም።

ስርጉት እባላለሁ። የማኅበሩ የኔትወርክ ባለሙያ ነበርኩ፤ ያውም በኮንትራት። ርክክቡ ሲያልቅ ኮንትራቴም ያልቃል። ቋሚ ካደረጉኝ ታናሽ ወንድሜ ደሴ ጎንደር የጀመረውን ትምህርት ይጨርሳል፤ ካላደረጉኝ ሁለታችንም ሽንፋ፣ እናታችን ቤት እንገባለን። ስለዚህ ያ የሰሊጥ ወቅት ለእኔ ቀልድ አልነበረም።

ሰርቨሩ በቆመ ቁጥር የሚጠራው ምናለ ነው። ገንዳ ውኃ ከተማ የኮምፒውተር ሱቅ አለው። በሞተር ሳይክል አቧራ ለብሶ ይደርሳል፣ ሸሚዙን አውልቆ በካናቴራ ይቀራል፣ ላቡ ጠብ እስኪል ይታገላል፤ ሰርቨሩ ሲነሣ ፍየል ይታረድለታል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን፣ ማለትም ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሰውን ዋናውን ፕሮግራም፣ የሸጠልንም እሱው ነው። ያ ሲስተም በባሕር ማዶ በብዙ ገንዘብ የሚሸጥ፣ ባለቤት ያለው፣ ሲበላሽ የሚጠየቅለት ነው። ምናለ የጫነልን ግን ክራክ የተደረገ፣ ማለትም መቆለፊያው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተሰበረ፣ ከሰው ሰው ሲገለበጥ የኖረ ቅጂ ነበር። ባለቤቱ መተማ የሚባል አገር መኖሩን አያውቅም። ቫይረሱ ግን ያውቃል።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ አያ ጀምበሩ በወጣትነታቸው ከወገራ ወርደው፣ በረሃውን መንጥረው ያረሱ አዛውንት ናቸው። ምናለም ተጠርቶ ነበር፤ እኔም ዕድሌን ልሞክር ተነሣሁ።

«ሊኑክስ የሚባል ሲስተም አለ» አልኩ። «ነጻ ነው። ትልልቅ የዓለም ድርጅቶች ሳይቀሩ ሰርቨሮቻቸውን የሚያሠሩት በእሱ ነው።»

«ነጻ?» አለ ምናለ፣ ወደ ኮሚቴው ዞሮ። «ወገኖቸ፣ እዚህ በረሃ ነጻ የሚገኝ ወባ ብቻ ነው።»

ኮሚቴው በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር፤ የባሰ ያናደደኝ እሱ ነው።

«አያ ጀምበሩ፣ ያሁኑም እኮ የተገዛ አይደለም። የተሰረቀ ነው።»

«እንዴት ይሰረቃል ልጀ? እኛ እኮ ከፍለናል።»

«የከፈላችሁት ለምናለ ነዋ!»

«ታዲያ ለማን እንክፈል ኖሯል?»

ድንበር ከተማ ነው የምንኖረው፤ ሻጩን ከየት አመጣኸው ብሎ መጠየቅ እዚህ እንደ ነውር ይቆጠራል። የተሰረቀው ዋጋ ስለተቆረጠለት ተከበረ፤ በስጦታ የመጣው ዋጋ ስለሌለው ተጠረጠረ። ንዴት ምላሴን አፈጠነውና ያልሆነ ነገር ተናገርኩ።

«እንደ ደቦ ቁጠሩት» አልኩ። «ከየአገሩ ባለሙያ ተሰብስቦ የሠራው ነው። አንዱ የጎደለውን ይሞላል፣ አንዱ የተሳሳተውን ያርማል፤ የፈለገ ሰው ደግሞ ወስዶ ይጠቀማል።»

አያ ጀምበሩ ቀና አሉ። «ደቦ በይኛ! የማን ደቦ ነው?»

«የማንም። የሁሉም።»

«ጠላውን ማን ጠመቀ?»

«ማንም አልጠመቀም።»

«ያለ ጠላ?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፈረንጅ ጉድ ነው። ካላስ፣ በቃ ይጫን!»

ቅዳሜና እሑድ ክፍሏ ውስጥ ተዘግቼ ጫንኩት። ሰኞ ጠዋት ሚዛኑ ሠራ፤ ማክሰኞም ሠራ። መብራት ሄዶ ሲመጣ እንኳ እንደ ደህና ሰው ራሱ ተነሥቶ ሥራውን ቀጠለ። የመኪናው ሰልፍ አጠረ፣ ስድቡም ቀረ።

መከራዬ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። በየጠዋቱ የመረጃውን ቅጂ አወጣለሁ፣ ባትሪውን አያለሁ፣ አቧራውን እጠርጋለሁ፤ ሰው የሚያየው ግን ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ነው። አንድ ቀን የሒሳብ ሹሟ እትዬ ዙፋን ወንበር ፍለጋ በሩን ከፈቱና «አንች፣ እዚህ ነሽ እንዴ?» አሉኝ። «ታድለሽ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይዘሻል!» ያን ቀን ገመዱን ነቅዬ፣ ሰልፉ አስፋልት እስኪደርስ ጠብቄ፣ በላብ ተጠምቄ መልሼ ልሰካው አሰብኩ። እጄ እንቢ አለኝ። የሠራሁትን እወደው ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ርክክቡ አለቀና ኮሚቴው ስለ ኮንትራቴ ጠራኝ።

«ልጀ» አሉ አያ ጀምበሩ፣ «ይኸ ሰርቨር ስንት ጊዜ ተበላሸ?»

«አንድም ጊዜ!» አልኩ፤ ደረቴን ነፍቼ።

«ታዲያ አንች ምን ስትሠሪ ከረምሽ?»

«እንዳይበላሽ ስጠብቅ።»

«አንበጣም እኮ ዘንድሮ አልመጣም። እንዳይመጣ ጠብቄያለሁ ላለ ሁሉ ደመወዝ ልንከፍል ነው?» ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። «ደግሞስ ደቦ ነው ያልሽን አንችው ነሽ። የደቦ ሰው ሥራው ሲያልቅ ተመርቆ ይሄዳል እንጅ ቋሚ ይቀጠራል?»

«ደቦው ሲስተሙ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!»

«አብራችሁ አይደል የመጣችሁት?»

ከዚያ መረቁኝ። እንጀራሽ ይስፋ፣ ወልደሽ ሳሚ፣ ክፉ አይንካሽ፤ ምርቃቱን አላጓደሉብኝም። እኔ ግን ዶርሙ ውስጥ ሆኖ ስልኬን የሚጠብቀው ደሴ ታየኝና እንባዬ መጣ። እትዬ ዙፋን እጄን ይዘው ያጽናኑኝ ጀመር።

«በቦታሽ ምናለን በቋሚነት ልንቀጥረው ነው» አሉኝ። «ስንት ዘመን በአቧራ በላብ የለፋልን ሰው፣ አሁን የሚጠራው ቢጠፋ ገበያው ቀዘቀዘበት። አሳዘነን።»

በማግስቱ ቁልፉንና ፓስወርዱን ለምናለ አስረከብኩ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ሰርቨሩን ዞር ዞር ብሎ አየው፤ በሩን ገርበብ አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስርጉትየ፣ ይኸ ነገር መቸ መቸ ነው የሚበላሽ?»

«አይበላሽም።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ።»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። «እንግዲያማ እኔንም መርቀው ሊሰዱኝ ነው! ሦስት ልጆች አሉኝ እኮ።»

ልስቅበት፣ ልሰድበው ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልቻልኩም። ያ ፍርሃት የእኔው ፍርሃት ነበር፣ ከክፍሏ ጋር አብሬ ያስረከብኩት።

«አይዞህ ምናለ» አልኩት ቦርሳዬን እያነሣሁ። «አንተ ከነካካኸው ይበላሻል።»

ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «እግዜር ይስጥሽ» አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። በዚያ ሰርቨር የተነሣ ከልቡ ያመሰገነኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።