ቨርና የጠበቀችው ሳቅ

ቨርና ቶሊቨር ጉረኛ ነበረች። ይሁን፤ የምትጎርርበት ነበራታ። በአሜሪካ፣ በሜይን የባሕር ጠረፍ፣ ሙቀቱ በገባ ቁጥር ኦሪን ስታይልስ ከድርቆሽ ጎተራ ባበጀው ቲያትር ቤት ትጫወታለች። እዚያ መለገም የለም፤ ማታ የዚህን ሳምንት ተውኔት ይጫወታሉ፣ ቀን የመጪውን ያጠናሉ። መድረኩ ላይ ያለው ሶፋ እንኳ ከጎረቤት በውሰት የመጣ ነው።

በአንድ ነገር ግን አቻ አልነበራትም፤ ሳቅ በመጠበቅ። አስቂኙን ቃል ትጥልና ዝም ትላለች። ሳቁ ይነሣል፣ ጣሪያውን ይነካል፣ ልክ መውረድ ሲጀምር ቀጣዩን ታስከትላለች። አንዲት ቃል አትባክንባትም። ምኞቷም ያችው ነበረች፤ ድምፄን አገር ይስማው።

አንድ የቴሌቪዥን ሰው ከኒውዮርክ መጥቶ አያትና ለድራማ ፈለጋት። ያኔ ድራማው ተቀርጾ አይቀመጥም፤ እነሱ ሲጫወቱ ነው አገር የሚያየው።

«እዚያኮ ሰው የለም» አላት ኦሪን።

«አገር ሙሉ ሊያየኝ ነው! ቀናህ እንዴ?»

«አገሩ ያለው ቤቱ ነው፣ አንቺ ሴትዮ። ቢስቅም አትሰሚውም።»

«ይልቅ የሚያፈስ ጣሪያህን ድፈን» ብላው ሄደች።

ቀኑ ደረሰ። መብራቱ በራ፣ ካሜራው ዞረባት። ቨርና አስቂኙን ቃል ጣል አደረገችና፣ እንደለመደችው፣ ጠበቀች። ጭጭ። አሁንም ጠበቀች። ልጇን ሆኖ የሚጫወተው ዶይል የሚሉት ጎረምሳ ቃሉ ጠፋባት ብሎ ደነገጠና የእሷን ንግግር ነጥቆ ራሱ ተናገረው።

«እሜቴ፣ ረሱት አይደል?» አላት አዘጋጁ፣ ድራማው ሲያበቃ።

«ምን እረሳለሁ! ሳቁን እየጠበቅሁ ነበር እንጂ!»

«የማንን ሳቅ?»

ዞር ብላ አየች። ሽቦና ካሜራ፣ አፋቸውን የዘጉ ሠራተኞች።

ደግሞ ጉድ አያልቅ፣ አለቆቹ ያንን ዝም ያለ ፊቷን ወደዱት። በየሳምንቱ በሚታይ ኮሜዲ ቃል የማትተነፍስ የቤት ሠራተኛ አደረጓት። ድስት ይዛ ትገባለች፣ ጌቶቿን ትገላምጣለች፣ ትወጣለች። ሳቁን በኋላ በማሽን ይጨምሩበታል። ለምን እሺ አለች? በኩራት ነዋ! ኦሪን ፊት ባዶ እጇን ከምትመለስ ሞቷን ትመርጣለች።

ዓመታት አለፉ። ፊቷን የማያውቅ ጠፋ፤ ድምፅዋን የሚያውቅም እንዲሁ። በመጨረሻ ወደ ጎተራው መጣች።

«ሳቅ አልፈልግም» አለችው ኦሪንን። «የዚያችን ባሕር ልጇን የበላባትን እናት ሚና ስጠኝ። ልናገርበት።»

«አንቺ ካለሽ ወንበሩ ይሞላል። የፈለግሽውን ውሰጂ» አላት። ሊያስጠነቅቃት ይገባ ነበር፤ ግን ጣሪያው ዛሬም ያፈሳል።

ቤቱ ጢም አለ። ቨርና የልጇን እርጥብ ኮት ታቅፋ ገባች፤ ቀና አለች። ቤቱ የቴሌቪዥኗን ሠራተኛ አየና በሳቅ ፈነዳ። እሷም ሙያዋ ነውና ጠበቀች፤ ሳቁ ጣሪያውን ነክቶ መውረድ ሲጀምር፦

«ልጄን አገኙት» አለች።

«ተናገረች! ኧረ ተናገረች!» ብላ አንዷ ከፊት ወንበር ጮኸች፤ ቤቱ ከፊተኛው ብሶ አውካካ።

ቨርና ኮቱን እንዳቀፈች ቆመች። ውኃው በክንዷ ይንጠባጠባል። ሳቁ መውረድ እስኪጀምር ጠበቀች።