ያልተወለዱት ልጆች

ማንደፍሮ ከጎጃም ተመድቦ ሰቆጣ ከመጣ ሰባት ዓመቱ ነው። ሰባቱንም ዓመት ከእንስሳት ሐኪሙ ከአቶ ወልደ ኢየሱስ ጋር በአንድ ቢሮ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሠርቷል። ሐኪሙ በድንገት ሲያርፉ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ይመኙሻል በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንዲጽፍላቸው ላኩበት።

ማንደፍሮ ወረቀት አውጥቶ ስምና የትውልድ ቦታ ጻፈና ቆመ። የቢሮውን ሪፖርት ሁሉ በስልኩ ላይ ባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማስጻፍ ከለመደ ከርሟል። ለስልኩ የሟቹን ስም፣ ዕድሜና ሥራ ነገረው፤ ወዲያው ሁለት ገጽ ያማረ አማርኛ ወጣለት። ሰዓቱ ደርሶ ስለነበር ዐይኑን ጣል አድርጎበት ብቻ አሳተመው።

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ፣ «ልጆቻቸውን በፍቅርና በሥነ ምግባር አሳድገው የልጅ ልጅ ለማየት የበቁ» ከሚለው ደረሰ። ለቀስተኛው አንገቱን ደፋ። ወልደ ኢየሱስ ልጅ አልወለዱም። ባልና ሚስቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልተሳሉለት ታቦት አልነበረም፤ ማንደፍሮም ይህን ያውቃል። ማቆሚያ አጥቶ እስከ መጨረሻው አነበበው። ይመኙሻል ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

በማግስቱ ለቅሶ ቤት መሄድ አቃተው። በሰልስቱ ሄዶ የይመኙሻል እግር ላይ ሊወድቅ ሲል ያዙት። የጻፈው ስልኩ እንደሆነ፣ እሱም አስተውሎ እንዳላነበበው ሳይደብቅ ነገራቸው።

«ስልኩማ ምን ያድርግ፣ አያውቀው» አሉት። «አማርኛ የሚያሳምር አጥቼ አይደለም አንተን መምረጤ። እስቲ ስለሱ የምታውቀውን ንገረኝ።»

ማንደፍሮ እየተንተባተበ ጀመረ። ለመስክ ሥራ ሲወጡ፣ በደሃና ቁልቁለት የጫኗት አህያ ስትደክም ሐኪሙ የከብቶቹን ክትባት ሣጥን ከእሷ አውርደው በትከሻቸው ይሸከሙ እንደነበር ነገራቸው። አበርገሌ ላይ ወባ ሲጥለው አጠገቡ ተቀምጠው፣ እንዲስቅ ብለው የአገሩን ቋንቋ ኽምጣንጋ ሲያስተምሩት መዋላቸውን ነገራቸው። ፍየል ስትሞትባቸው ከባለቤቷ ጋር ሐዘን ይቀመጡ እንደነበርም አስታወሰ።



«ይህን ሁሉ ታውቅ ኖሯል» አሉ ይመኙሻል።

ማንደፍሮን ከዚህ የበለጠ የቆረጠው ቃል የለም። ለአርባው በእጄ ጽፌ ላንብብ ብሎ ለመናቸው።

«ተወው ልጄ» አሉት። «ሰው የሚቀበረው አንዴ ነው።»

ወጥቶ ድንኳኑ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት፤ ያናገረው ግን አልነበረም።