የጥንት ነፍሶች ካሴት

ልብስ ሰፊው ዱባለ እንግሊዝኛ እንደማይችል በመንዟ ሞላሌ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ራሱ ዱባለ ነው። ሌላው ሕዝብ፣ ቀይ ቀበሮ ሊያይ ጓሳ የወጣ ፈረንጅ በዱባለ እንግሊዝኛ ተሸንፎ ባርኔጣውን እንዳነሳለት አሥር ዓመት ሙሉ ሲሰማ ኖሯል።

ስለዚህ የእህቱ ልጅ ጽዮን ከአዲስ አበባ አምጥታ የተወችለትን ካሴት አይቶ፣ ጎረቤቱ አቶ ተገኘ «ምን ይላል?» ሲለው መሸሻ አልነበረውም። አራተኛ ክፍል ላይ ካቋረጠው ትምህርት የተረፈችው አንዲት ቃል ደግሞ ሽፋኑ ላይ ተጽፋለች።

«ሶል ማለት ነፍስ ነው» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «የጥንት ነፍሶች ነው የሚለው። ዘፋኞቹ ሙታን ናቸው።»

«አንተ ሰውዬ!»

«ከሞቱ በኋላ ነው የተቀዳው» አለ፤ የዱባለ አፍ ፍሬን የለውም። ተገኘ አማትቦ ወጣ።

ዱባለ ብቻውን ሲስቅ ቆየና ቴፑን ከፈተ። ቀትር ነው፤ የነሐሴ ጉም ደጁን ሞልቶታል፤ በመቀስ ቢቆረጥ ለመላው መንዝ ካፖርት ይወጣዋል። መጀመሪያ ጡሩንባ ተነፋ፤ ከዚያ አንድ ሰው በማይታወቅ ቋንቋ ተንበርክኮ የሚለምን ይመስል አለቀሰ። በሁለተኛው ዘፈን ድምፁ ወፈረ፣ ተጎተተ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ መሰለ። ከኋላው ያሉት አጃቢዎች ተቀበሉ፦

«ዱ... ባ... ላ...»

«አቤት!» አለ ዱባለ፣ ከአፉ አምልጦት።

ወዲያው ደረቀ። በጉም መሀል ለጠራ ድምፅ፣ ሦስቴ ሳይደግም አቤት አይባልም፤ በአንደኛው አቤት ያለ ሰው ከጠሪው ጋር ይሄዳል ሲባል ነው ያደገው። ያውም በፍልሰታ ጾም ዘፈን ከፍቶ! እግሩ መርገጫው ላይ ይንቀጠቀጥ ስለነበር የስፌት መኪናው ያለ ጨርቅ መስፋት ጀመረ።

«ዱ... ባ... ላ...»

ቴፑን ለመዝጋት እጁን መዘርጋት አቃተው። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ የካሴቱን ሽፋን ይዞ ወደ ጌታነሽ ሻይ ቤት በረረ። የትምህርት ቤቱ መምህር ናሁሰናይ እዚያ ተቀምጧል። ተገኘም ወሬውን አድርሶ ኖሮ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየው።

«መምህር፣ ይቺን አንብብልኝ።»

«ጋሽ ዱባለ፣ እርስዎ እያሉ?»

መነጽሬ ጠፋኝ ሊል አሰበ፤ መነጽር አድርጎ አያውቅም። ዝም ቢል የአሥር ዓመት ስሙ ይተርፋል፤ እሱ ግን ማታ አይደርስም።

«እንግሊዝኛ አላውቅም» አለ። «የማውቃት አንዲት ቃል ናት፤ እሷም ልትገድለኝ ነው።»

ማንም አልሳቀም፤ ፊቱ አመድ ነበር። መምህሩ ሽፋኑን አነበበ። «ሶል የሙዚቃ ስልት ስም ነው፣ ጋሼ። ተመርጠው የተሰበሰቡ የድሮ ዘፈኖች ናቸው።»

«ሰዎቹ በሕይወት አሉ?»

መምህሩ ስሞቹን በጣቱ ቆጠረ። «እ... ግማሾቹ እንኳ ሞተዋል።»

«በስሜ ጠሩኝ እኮ!»

ተያይዘው ወደ ሱቁ ሄዱ። ቴፑ አሁንም ያቃስታል። መምህሩ ጀርባውን ከፈተ። «ድምፁ የሚጎተተው የባትሪ ድንጋዩ ደክሞ ነው!» ጌታነሽ ከሬዲዮዋ አውጥታ ያመጣችውን ድንጋይ ሲለውጥበት ዘፈኑ እንደ ፌንጣ ዘለለ፤ አጃቢዎቹም ቃል የሌለውን አዝማቻቸውን ተቀበሉ፦ ዱ-ባ፣ ዱ-ባ፣ ዱ-ባ-ላ!

«እኔስ ዱባ ሲል ነው የሰማሁት» አለች ጌታነሽ። «ጾም መሆኑን አውቆ ወጥ እያዘዘ ነው።»

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ዱባለ ግን የመምህሩን ክንድ ያዘ።

«መምህር፣ አቤት ብዬ ነበር። ይሄ ነገር... መመለሻ አለው?»

መምህሩ ሳቁን ዋጠ። «እሱን እንኳ አላውቅም» አለ፣ ምንም ሳያፍር።

ሰዎቹ ሲወጡ ዱባለ ሱቁን ቆለፈና ጠሪው ብቻውን እንዳያገኘው መሀላቸው ገባ፤ በአንድ እጁ ተገኘን፣ በሌላው መምህሩን ይዞ በጉሙ ውስጥ መንገድ ጀመረ።