ጭስ የማያሳልፈው ፒፓ

ሐኪሙ ትምባሆ ከከለከለው ወዲህ ባሌ ቤቱን በአንድ እግሩ አቁሞታል። አርባ ዓመት ሙሉ ፒፓ ነክሶ በርና መስኮት ሲሠራ የኖረ አናጢ፣ አሁን እርሳስ እያኘከ በሆነው ባልሆነው ይቆጣል። እኔም አንድ ቀን ብሽቅ ብዬ የድሮ ፒፓውን ሰብሬ ጣልኩበት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዛሬ ከስፌቴ የተረፈችኝን ሳንቲም ይዤ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ የሚያማምሩትን ፒፓዎች ደረደረልኝ፤ ዋጋቸው ግን አይቀመስም። ጥግ ላይ አንድ የተጣለ አየሁና "ይሄስ?" አልኩት።

"እሱስ ይቅርብዎ እማማ። ቀዳዳው እስከ ውስጥ አልተበሳም፣ ጭስ አያሳልፍም። በነፃ ብሰጠው እንኳ የሚወስደው አጥቻለሁ።"

"እሱኑ ጠቅልልልኝ!" አልኩት። እብድ ሳልመስለው አልቀርም።

ቤት ገብቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። አገላብጦ አየው፣ በአውራ ጣቱ አሻሸው፣ ነከሰና ሳበ። ምንም የለም። ደግሞ ሳበ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። የስድብ መዓቱን ሊያወርድብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

"አንቺ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "መስኮቱን ክፈቺው እንጂ፤ ጭሱ ያፍንሻል።"