የሁለተኛው ሳህን ትርጓሜ

የሟች ባሌን ድርሰቶች ለትምህርት ቤት የሚያሳትመው አዘጋጅ መቅድሙን ሊያነብልኝ መጣ። የባሌ ታላቅ እህት ሶፋው ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ጸጉሬ ከነጣ በኋላም «ሙሽራዬ» እያለች የምትጠራኝ እሷ ናት።

መቅድሙ ስለዚያ ስለታወቀው አጭር ልብወለዱ ነበር። አንድ ሰው በየማታው ሁለት ሳህን ያቀርባል፤ ከአንዱ ይበላል፤ ሌላውን ማንም ሳይነካው አጥቦ ያስቀምጠዋል። ከዚህ ሌላ ምንም አይሆንም።

አዘጋጁ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ፦ «ደራሲው ይህን በጻፈበት ዓመት ባለቤቱ ጥላው ሄዳ ነበር። ሁለተኛው ሳህን የእሷ ነው።»

ቤት አለመኖሬስ እውነት ነው። ሆስፒታል፣ ከልጃችን አልጋ አጠገብ መሬት ላይ ነበር የማድረው። ሳህኑ የልጃችን ነው፤ ጠርዙ ላይ ዳክዬ የተሳለበት ትንሽ ሳህን። ባሌ ሲጽፈው ዳክዬዋን አስቀራት። ልጃችንን ከቀበርን ወዲህ ስለ እሷ ለሰው ማውራት አልሆነልንም። አንባቢ ሳህኑን ለሚስት ሲሰጥ ዝም አልን። እኔም ታሪኩን ሳስተምር «ሚስቱ» ብሎ ለመለሰ ሁሉ ሙሉ ማርክ ስሰጥ ኖሬያለሁ።

«ከቀድሞ ጎረቤታችሁ ነው የሰማሁት» አለ አዘጋጁ። «ልክ ካልሆነ አሁኑኑ አወጣዋለሁ።»

የባሌ እህት ሹራቡን ጭኗ ላይ ጣለችው። «ጥላው ሄደች? ይቺ? ወንድሜን ጥሎ መሄድ የሚቻል ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ እኔ እሄድ ነበር! ሙሽራዬ፣ ንገሪው እንጂ!»

«ታዲያ ሳህኑ የማን ነው?» አለ አዘጋጁ እስክሪብቶውን ከፍቶ።

በጣም ደክሞኝ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ስሜ ይጸዳል፤ ልጄ ግን መጽሐፉ ውስጥ ትገባለች።

«እንዳነበብከው ይሁን» አልኩት።

«ለእርስዎ ጥሩ አይደለም እኮ።»

«ይሁን አልኩህ።»

ሸኝቼው ስመለስ የባሌ እህት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

«ባሏን ጥላ የሄደች ተብለሽ በየክፍሉ ልትነበቢ ነው። ምን ዘጋሽ?»

«እውነቱን ብነግረው በዓመቱ ፈተና ላይ ትወጣለች። ‹ልጅቷ የሞተችው በምን በሽታ ነው? ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ።› አውቀዋለሁ፤ እድሜዬን ሙሉ ጥያቄ ሳወጣ ነው የኖርኩት።»

ክሩን ጠቀለለች።

«እኔ ግን ለጠየቀኝ ሁሉ አልሄደችም እላለሁ» አለች በመጨረሻ። «እሱን አትከልክይኝ።»

«በይ። የልጄን ነገር ግን ለእኔ ተዪልኝ።»