ጋሽ ፈረጅ ያልጠጡት ውኃ

ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ አልቀጣም። የሚያንሾካሹከውን እቀጣለሁ፣ የቤት ሥራ ያልሠራውን እቀጣለሁ፣ ርእሰ መምህሩንም ቢሆን አንዴ ከተነሳብኝ አልምራቸውም። ቁጡ ናት ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። የተኛውን ልጅ ግን እተወዋለሁ። ሌሊት ምን እንቅልፍ ሲነሳው እንዳደረ በምን አውቄ? አውቃለሁ ማለቱን እኔ ደብረ ብርሃን ጥዬው ነው የመጣሁት።

ለመምህርነት ስንሠለጥን ነው። የሴቶቹ መኝታ ቤት ቆርቆሮ ነበር፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ የታወቀ ነው፣ ሌሊት ባልዲ ውስጥ ያደረ ውኃ ጠዋት ላዩ ረግቶ ይገኛል። እኔና ወለተሐና አልጋችንን አጋጥመን፣ ሁለቱን ብርድ ልብስ ደራርበን እንተኛ ነበር። ወለተሐና የአንኮበር ልጅ ናት። አባቷ ቄስ ነበሩ፣ በልጅነቷ ሞተውባታል፤ ያሏት እናቷ ወይዘሮ አመተ ማርያም ብቻ ናቸው። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ትዳር ትያዝ እንጂ!» ሲል፣ «ልጄ አስተማሪ ሳትሆን አልድራትም» ብለው ሽንጣቸውን ገትረው የላኳት እሳቸው ናቸው። ወለቴ ግን አምና ሒሳብ ወድቃለች። ዘንድሮ በየካቲቱ ፈተና ከደገመች ልብሷን ሸክፋ ወደ ቤቷ ነው፤ ደንቡ እንዲያ ነበር።

ፈተናው ሊያልቅ ሃያ ቀን ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ወለቴ ልብስ ልታጥብ በሬሳ ወደሚባለው ወንዝ ወርዳለች። እኔ በር ላይ ተቀምጬ ፀጉሬን ሳበጥር አንድ ሽማግሌ አጥሩ ጋ መጥተው ቆሙ። ጋሽ ፈረጅ ናቸው፤ በርበሬና ጨው የሚነግዱ የአልዩ አምባ ሰው። ከወለቴ እናት ጋር ቤተኛ ስለሆኑ አንድ ሁለቴ ቆሎ አድርሰውላት አውቃቸዋለሁ።

«ይግቡ እንጂ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው። አልተቀመጡም። ውኃ በጣሳ አመጣሁላቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መለሱልኝ። ከንፈራቸው ደርቋል፣ ዓይናቸውም መሬት መሬቱን ነው።

«ወለተሐና የለችም?»

«ወንዝ ወርዳለች። ምነው፣ በደኅና?»

«እናቷ ታመዋል። ‹ልጄን ጥራልኝ፣ ሳትውል ሳታድር ትምጣልኝ› ብለውኛል።»

«በጣም ነው?»

«አላህ ያውቃል» አሉ። «እኔ ወደ አዲስ አበባ አላፊ ነኝ፣ መኪናው ጭኖ እየጠበቀኝ ነው። አደራ፣ የኔ ልጅ፣ ንገሪያት።»

ሄዱ። እኔ ጣሳውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሞተዋል፣ አልኩ በልቤ። ምን ይጠየቃል? በማለዳ ይመጣል፣ አይቀመጥም፣ ውኃ አይቀምስም፣ ቀና ብሎ አያይም። መርዶ ነጋሪ ሌላ ምን ምልክት አለው? የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ አጎቴ ወልደ ሰንበት እንዲሁ በማለዳ አክስቴ ቤት መጥቶ «አባትሽን ትንሽ አሞታል፣ ነይ እንጠይቀው» አለኝ። እኔ ጅሏ ብርቱካን ይዤለት እየዘለልኩ ሄድኩ። ያገኘሁት ድንኳን ነው። ሰው ሲጮህ ብርቱካኑን የት እንደማስቀምጠው ጠፍቶኝ፣ እንደያዝኩት ነው ያለቀስኩት። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ማንም አያታልለኝም ብዬ ምዬ ነበር።

በቀጥታ እትዬ ለተጊዮርጊስ ዘንድ ሄድኩ። የሴቶቹን መኝታ ቤት የሚጠብቁ፣ ደግ፣ እንባ የሚቀድማቸው ሴት ናቸው። እዚህ ላይ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። «የወለተሐና እናት አረፉ» ነው ያልኳቸው። «ታመዋል» አላልኩም። ጋሽ ፈረጅ ያሉትን ትቼ እኔ የገባኝን ነገርኳቸው።

እትዬ ደረታቸውን መቱ፤ አለቀሱ። ከዚያ በነጠላቸው ፊታቸውን ጠርገው ማሰብ ጀመሩ።

«መቼም ቀብሩ አልፏል፤ አሁን ብትሄድ የምታገኘው አፈር ነው። ፈተናው ካመለጣት ደግሞ የዚያች የምስኪን እናት ልፋት ገደል ገባ። ይቆይ። ስትጨርስ አንቺ አብረሻት ሂጂና ወገኖቿ እንደ ደንቡ ያርዷት።»

«እኔም እንዲያ ነው ያሰብኩት» አልኩ። ኩራት ቢጤም ተሰምቶኝ ነበር፤ ምን አስዋሸኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ወለቴ አጠገቤ አፏን ከፍታ ተኝታለች። እግሯ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው፤ እያንቀላፋች አምጥታ ጭኔ ላይ ትጭነዋለች፣ የቆየ ልማዷ ነው። እኔ ጣሪያውን አያለሁ። የመጀመሪያ ሰሞን ብርድ ልብሱን ነክሼ አለቅስላት ነበር። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ለቅሶውም ቀረ። ሁሉም ነገር ቀረ። እህሉ አይጣፍጠኝ፣ ብርዱ አይሰማኝ። ሲስቁ እስቃለሁ፣ ደወል ሲደወል እነሳለሁ። እንዲያው ድንዝዝ አልኩ።

በሳምንቱ ወለቴ ለእናቷ ደብዳቤ ጻፈች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ፤ «ሒሳቡ ዘንድሮ ገብቶኛል፣ አትስጊ፣ ፈተናዬን ጨርሼ እመጣለሁ» ይላል። «አልቱ፣ ገበያ ስትወጪ ለአንኮበር ሰው ስጪልኝ» አለችኝ። ተቀብዬ መጽሐፌ ውስጥ ከተትኩት። ለማን ልላከው? ለመቃብር?

የጤና አጠባበቅ የሚያስተምሩን መምህር ወልደአረጋይ ክፍሉ ሁሉ እንደሚያንቀላፋ ሲያዩ ወረቀት አባዝተው አደሉን። ሌሊት ለስንት ሰዓት ያህል ትተኛላችሁ? እንቅልፍ የሚነሳችሁ ምንድን ነው? ከሥሩ ዝርዝር አለ። ብርድ፣ ቁንጫ፣ ረኃብ፣ የፋኖስ መብራት፣ የጎረቤት ማንኮራፋት፣ የፈተና ፍርሃት። ምልክት አድርጉበት ይላል። ከላይ እስከ ታች ሁለቴ አነበብኩት። የሰው እናት የሚል የለም። «ሁለት ሰዓት» ብዬ ጻፍኩና ቁንጫው ላይ ምልክት አደረግኩ።

ጉድ ፈላ! በማግስቱ ፍራሾቹ ሁሉ ደጅ ወጥተው ዲዲቲ ተነፋባቸው፤ መኝታ ቤቱ በሙሉ ሲያስነጥስ አደረ። «አልታየች ከነቁንጫዋ!» እያሉ ሲቀልዱብኝ ሰነበቱ። ወለቴ ነች የተቆጣችልኝ። «እስቲ ተዉአት! እንቅልፍ አጥታ ዓይኗ ጎድጉዶ አታዩም?» አለቻቸውና ብርድ ልብሱን ገልጣ አጠገቧ አስገባችኝ።

«ምን ሆነሽ ነው ግን? አባትሽ ትዝ ብለውሽ ነው?»

«ፈተናው ነው» አልኳት።

«ውይ፣ አንቺ ደግሞ! የምወድቀዋ እኔ አለሁልሽ አይደል?» ብላ ሳቀች። ወዲያው እንቅልፏን ለጠጠችው።

ፈተናው መጣ፣ ሄደ። ምን ጽፌ እንደወጣሁ አላስታውስም። ሐሙስ ዕለት ወለቴ ከሒሳቡ ስትወጣ ግቢውን እየዘለለች ነው ያቋረጠችው። «ሠራሁት! እናቴ ትሙት፣ ሠራሁት!» ሁላችንም በቀን አሥር ጊዜ የምንምለው መሐላ ነው። እትዬ ለተጊዮርጊስ ፊታቸውን አዞሩ።

አርብ ጎህ ሳይቀድ ወደ አንኮበር ከሚመለሱ ነጋዴዎች ጋር በእግር ተነሳን። ወለቴ ለእናቷ ስኳር ገዝታለች። መንገዱን ሙሉ ስታወራ ዋለች፤ እናቷ ስኳሩን ሲያዩ «ለምን ገንዘብ ታባክኛለሽ!» ብለው እንደሚቆጧት፣ ከዚያ ለጎረቤት ሁሉ እየዞሩ እንደሚያሳዩት። እኔ «አዎ»፣ «እሺ» እያልኩ እከተላለሁ። አመሻሹ ላይ ደረስን።

ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። የለቅሶ ድንኳን በሳልስት ይፈርሳል፤ ሃያ ቀን አይቆምም። ነገር ቶሎ የሚገባኝ ሴትዮ፣ ያን ጊዜ እንኳ አልገባኝም። «እስካሁን ምነው አላፈረሱት?» ብዬ ነው ያሰብኩት።

ወለቴ ስኳሩን እንደያዘች ደርቃ ቆመች። ሴቶቹ ጩኸታቸውን ለቀቁት። አክስቷ ወይዘሮ ደመቀች ደረታቸውን እየደቁ መጡ።

«አሁን ትመጫለሽ? አሁን? አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ በር በሩን ስታይልሽ! ከትናንት ወዲያ ነው ነፍሷ የወጣች። ሌላ ሰው እንላክባት ስንላት፣ ‹ፈረጅ ነግሯታል፤ ካልመጣች ፈተናዋ ነው፣ ልጄን አታስጨንቁብኝ› ትላለች። ተመልሳ ደግሞ ‹ወረቀት እንኳ አልላከችም?› ትላለች!»

«ማን ነገረኝ?» አለች ወለቴ። «እኔን ማን ነገረኝ?»

ከወንዶቹ መካከል ጋሽ ፈረጅ ተነሱ። ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ሰምተው መጥተው ኖሯል። እኔን አዩኝ። ቀድሜ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ለቀስተኛ አቋርጬ አጠገባቸው ሄድኩ።

«ውኃውን ለምን አልጠጡም?» አልኳቸው።

«የምን ውኃ?»

«ያን ለት በጣሳ የሰጠሁዎትን።»

ግራ ገባቸው። «ጾም ላይ ነበርኩ እኮ፣ የኔ ልጅ። ረመዳን አይደለም እንዴ? አሁንም አላፈጠርኩም።»

ወለቴ ወደ እኔ ዞራለች። ነገርኳት። ረጅም ወሬ መስሎኝ ነበር፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር እንኳ አልሞላም። ታመዋል ብለው ነበር። እኔ ሞተዋል ብዬ አሰብኩ። ፈተናሽን ጨርሺ ብዬ ደበቅኩሽ። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትመታኝ በወደድኩ።

«ደብዳቤዬስ?» አለችኝ።

ይዤው ከመጣሁት መጽሐፌ ውስጥ አውጥቼ ሰጠኋት። ተቀበለችኝና ጉያዋ ከተተችው። ስኳሩን መሬት አስቀምጣ ከሴቶቹ መሀል ገብታ ተቀመጠች። እሷም አላለቀሰችም፣ እኔም አላለቀስኩም። «ምን ዓይነት ደረቅ ልጆች ናቸው!» ያለች ሴትዮ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

አሁን የምናገረውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ አፍራለሁ። ያን ሌሊት ለቀስተኛው ባለበት ጉዝጓዙ ላይ ጋደም አልኩና ተኛሁ። ሃያ ቀን የራቀኝ እንቅልፍ በዚያ ቤት፣ በዚያ ሌሊት መጣ፤ ድብን ብዬ ተኛሁ። ስነቃ ነግቷል። ከላዬ ላይ ጋቢ አለ፤ የወለቴ ነው። እሷ ነጠላ ብቻ ለብሳ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ተቀምጣለች። እግሯ አጠገቤ ነበር። ስነካው በረዶ ነው። ጋቢውን ሳብኩና አለበስኩላት። አላየችኝም፤ እግሯንም አልሰበሰበችም።

ወለተሐና ወደ ትምህርቱ አልተመለሰችም። ውጤት ሲለጠፍ ሒሳብ ሰማንያ ሁለት አግኝታለች፤ እኔ ለጥቂት ነው ያለፍኩት። አክስቷን ገበያ አግኝቻቸው ስጠይቃቸው፣ «ሌሊቱን ሙሉ በር በሩን ስታይ ታድራለች፤ ጠበል ወስደናት ነበር» አሉኝ።

በመጋቢት መምህር ወልደአረጋይ ያን የእንቅልፍ ወረቀት እንደገና አደሉ። ስንት ሰዓት ትተኛላችሁ? ለስምንት ሰዓት ብዬ ጻፍኩ፤ እውነት ነበር። ሁለቱን ወረቀቶቼን ጎን ለጎን ከፍ አድርገው ለክፍሉ አሳዩ። «ተመልከቱ! ሁለት የነበረው ስምንት ሆነ። ዲዲቲው ሠርቷል ማለት ነው» አሉ። ክፍሉ አጨበጨበ። እኔም ተነሥቼ እጅ ነሳሁ።